ሞተች የተባለችው የመክብብ መኪና

ድምፅ የሌለው ነገር ደህና መሆኑ በምን ይታወቃል? ይኼን ጥያቄ ስንት ዘመን ይዤው እዞራለሁ፤ መልስ ግን የለኝም። ሕፃን ሲያለቅስ ራበው ብዬ አልፋለሁ፣ ዝም ሲል ግን ሄጄ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ድስት ሲንተከተክ እተወዋለሁ፣ ዝም ሲል አረረ ብዬ እሮጣለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው ያረጀሁት።

እዚህ ደሴ፣ በእኛ ሰፈር፣ ሰው ነገሩን ሳያጣራ ሲንጫጫ የሚወረወርበት አንድ አባባል አለ። አሁን አሁን ጎረምሳው ሁሉ ይለዋል። ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን "የድሮ ሰው ያለው ነው" ይሏችኋል። ምን የድሮ ሰው! ከእኔ ቤት ነው የወጣው። የተናገሩት ሰው ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰበቡም የልጅ ልጄ የመክብብ መኪና ናት።

መክብብን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው ግን እንደ ክረምት ፀሐይ ነው፣ ብቅ ሲል ጠፋ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሲሠራ ትርሲት የምትባል ልጅ ወደደ፣ እሷም ወደደችው። ችግሩ አባትዋ አቶ ሞላ ናቸው። አንድ የነጋዴ ልጅም ሽማግሌ ሊልክባቸው መሆኑን ሲሰሙ "እኔ የማውቀው ሥርዓት ነው። ቅዳሜ ቀድሞ ደጄ የቆመውን እሰማለሁ፤ ለዘገየው በሬን አልከፍትም" ብለው ቁርጥ አደረጉት። የነጋዴው ሽማግሌዎች አምስት ሰዓት ላይ እንደሚደርሱ ትርሲት ለመክብብ በስልክ ሹክ አለችው። ስለዚህ የእኛዎቹ አራት ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ መገኘት ነበረባቸው። የልጄ ትዳር የተንጠለጠለው በዚያች በአንድ ሰዓት ልዩነት ላይ ነው።

ሽማግሌዎቻችን ቄስ መንግሥቴ፣ ሼህ ይማምና ጋሽ ደምሰው ነበሩ። እኛ ዘንድ ቄስና ሼህ አብረው ካልቆሙ ሽምግልናው አይሞላም። ጋሽ ደምሰው ደግሞ በጉብዝናቸው የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለሱበት የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ባሉበት ስለ መኪና ሌላ ሰው አፉን አይከፍትም።

መኪናዋ ሃይብሪድ የሚሏት ናት፤ ግማሽ በቤንዚን፣ ግማሽ በኤሌክትሪክ። አሮጌ ናት፤ ከመክብብ በፊት ስንት ሰው እንደነዳት እግዜር ይወቅ። ከመጀመሪያውም አልወደድኳትም። መኪና ከሆነች እንደ መኪና አትጮህም? ስንቴ ከኋላዬ ሳትሰማ ደርሳ ክው አድርጋኛለች!

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ደጅ ቆመዋል። መክብብ ገብቶ ማስነሻውን ተጫነ። ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ ቀይና ቢጫ መብራት አበራ፣ ተርገበገበ፣ ጥ ጥ ጥ አለና ቀረ። ደግሞ ተጫነ። ጥ ጥ ጥ።

"ሞተሪኖው ነው" አሉ ጋሽ ደምሰው።

"ሞተሪኖ የላትም ጋሼ።"

"ሞተሪኖ የሌላት መኪና! ታዲያ በምን ትነሳለች፣ በጸሎት?"

ቄስ መንግሥቴ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

ጋሽ ደምሰው ኮፈኑን አስከፍተው አንገታቸውን ቀበሩበት። ቢያዩ ቢያዩ የሚያውቁት ዕቃ የለም። "ባትሪዋን የት አደረሳችኋት?"

"የማስነሻዋ ባትሪ ከኋላ ናት፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ።"

"ልቧ ከቂጧ! ይኼ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው እናንተ!"

ይኼኔ አላፊ አግዳሚው መሰብሰብ ጀመረ። በእኛ ሰፈር ሰው ታሞ ሐኪም ይጠፋል፤ መኪና ታማ ግን ሐኪም የማይሆን የለም። አንዱ "ቤንዚን ጨርሳ ይሆናል" ይላል። አንዱ "ካንዴላዋን አውጥታችሁ ጥረጉት" ይላል። ሌላው ጎማዋን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ ምን እንዳወቀ እንጃ፣ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ በበኩሌ "ኧረ ሰዓቱ! ኧረ ሰዓቱ ሄደ!" እላለሁ።

መክብብ ወደ መኪናዋ ኋላ ዞረ። የኋላው በር ገርበብ ብሎ አድሮ ኖሯል። እዚያ ውስጥ ያለችው የጣት ጫፍ የምታክል አምፖል እስኪነጋ ስትበራ አድራ ባትሪዋን ጭልጥ አድርጋ ጠጥታዋለች። ይኸው ነው በሽታዋ። የጎረቤት ሚኒባስ ተጠርቶ በወፍራም ገመድ ኃይል አበደራት። መክብብ ማስነሻውን ሲጫን መኪናዋ እርርር አለች! እልል አልኩ። ገመዱ ተፈታ፣ ሚኒባሱም ወደ ሥራው ሄደ።

"እንግዲህ መንገዳችንን ያቅናልን" አሉ ቄስ መንግሥቴና ጸሎት ጀመሩ። እሳቸው ሲጨርሱ ሼህ ይማም ተቀብለው ዱዓ አደረጉ። ሞተሩ ከጎናችን ይንኳኳል፣ እኛም አጎንብሰን አሜን እንላለን። የመጨረሻውን አሜን ሳንጨርስ ሞተሩ ጭጭ።

"ሞተች!" አሉ ጋሽ ደምሰው።

"አልሞተችም" አለ መክብብ። "ሲሞቃት ሞተሯን ራሷ ታጠፋለች፣ ከዚያ በኤሌክትሪክ..."

"ድምፅ ይሰማሃል?"

"አይሰማም፣ ግን ተነስታለች። ሰሌዳዋ ላይ አረንጓዴ..."

"ልጄ፣ እኔ በረሃ ላይ ስንት መኪና ስቀብር የኖርኩ ሰው ነኝ። ድምፅ የሌለው መኪና ሬሳ ነው። ግፉ!"

"ግፉ" የሚለው ቃል ደሴ ላይ ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ የማያውቅ ሰው አይፈረድበትም። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ አንድ ሰው ግፉ ካለ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተማሪው ደብተሩን፣ ባለሱቁ ሚዛኑን ጥሎ ትከሻውን ይሰጣል። መክብብ የኋላውን በር በደንብ ልዝጋ ብሎ ወርዶ ነበር። ይኼኔ ጋሽ ደምሰው ኩታቸውን ሰብስበው ዘው ብለው ከመሪው ፊት ተቀመጡ።

"ፍሪሲዮኗ የት አለ?"

"የላትም ጋሼ! ውረዱ፣ ተነስታለች እኮ!"

"ኧረ ምን አላት ይቺ መኪና!" አሉና ማርሹን ነፃ አድርገው የእጅ ፍሬኑን ለቀቁት። ኋላ ያለው ሰው "ሆ በል!" ሲል የመክብብ ድምፅ በዚያው ተዋጠ። ቄስ መንግሥቴ ሳይቀሩ አንድ እጃቸውን ጣል አደረጉ። ያልገፉት ሼህ ይማም ብቻ ናቸው። በሩ ሥር እንደቆሙ "ባለቤቱ ምን ይላል? መጀመሪያ ባለቤቱን ስሙት እንጂ ሰዎች" ይላሉ። ማን ሰምቷቸው!

መኪናዋ ቁልቁለቱን ያዘች። አንዲት ድምፅ የላትም። ጋሽ ደምሰው እግራቸው የሌለ ፍሪሲዮን ሲፈልግ፣ እኔ በሁሉም ታቦት ስጮህ፣ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ የፊት ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገባና ቆመች። እሳቸው ቆባቸው ተጣሞ ወጡ። ምንም አልሆኑም፣ ተመስገን። ግን ከቦዩ የተረጨው ጭቃ የሰውን ሁሉ ነጭ ልብስ አበላሽቶታል። ሰዓቱም ሦስት አልፏል።

ቤት ገባን። እዚያ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ።

"ገድ የላትም" አሉ ጋሽ ደምሰው ኩታቸውን እያራገፉ። "ይኼ ምልክት ነው። ዛሬ ብንቀር ይሻላል።"

"በሚኒባስ ብንሄድስ?" አሉ ቄስ መንግሥቴ።

"መናኸሪያ ወርደን፣ ተጋፍተን፣ እስኪሞላ ጠብቀን? ደግሞ ጭቃ የተቀባ ሽማግሌ የማን ደጅ ይቆማል?"

"በመጀመሪያ መሪ የያዘው ማን ነበር?"

"በኋላ የገፋውስ ማን ነበር፣ አባ?"

እኔ መሐላቸው ቆሜ እርር ድብን አልኩ። "ልጅቷን ሌላ ሊወስዳት ነው፣ እናንተ ስለ ኩታ ታወራላችሁ! አንተስ መክብብ? አፍ የለህም? አንድ ነገር ተናገር እንጂ!"

መክብብ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን። ያልቀመሰውን ሻይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ፤ በሩን እንኳ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

"ተስፋ ቆረጠ" አሉ ጋሽ ደምሰው። "አለቀ፣ ተዉት።"

ሮጬ መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ። ልጄ ከቧንቧው ሥር ያነሳውን የልብስ ማጠቢያ ድንጋዬን በሁለት እጁ አቅፎ ቁልቁል ይወርዳል። ቦዩ ጋ ሲደርስ ተንበረከከ፣ ድንጋዩን ከጎማው ሥር ወሸቀው፣ ከዚያ ገባና ተቀመጠ። ጆሮዬን ጣልኩ። ምንም የለም። ሬሳ ናት። "ወይኔ ልጄ" ልል አፌን ስከፍት መኪናዋ ንቅንቅ አለች፣ ወደ ኋላዋ ከቦዩ ወጣች፣ እንደ ድመት ኮቴዋ ሳይሰማ ዳገቱን ቂጧን አስቀድማ ሽቅብ መጥታ በራችን ላይ ቆመች።

ጋሽ ደምሰው ከትከሻዬ በላይ አንገታቸውን አስግገው "ማን ገፋት?" አሉ።

ሼህ ይማም ከዘራቸውን ያዙና በእግራቸው ጫማቸውን እየፈለጉ እንዲህ አሉ፦ "በል ተነስ እንሂድ፣ ደምሰው፤ ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም፣ የጮኸ ሁሉ አልተነሳም።"