የመላጣው ተከታዮች

አፉ የማያርፍ አንድ መላጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ኢንተርኔት ሲከፍት ከየገጹ ጀርባ ተደብቀው የሚከታተሉትን የማስታወቂያ ድርጅቶች የሚያግድ ነገር ኮምፒውተሩ ላይ ጫነ። በሙቀት እንኳ ባርኔጣቸውን የማያወልቁት ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ደምመላሽ፣ ይህን ሰምተው በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቆሙት።

«ንጹሕ ሰው ተከታይ አይፈራም! ምን ደብቀህ ነው? በል ማገጃውን አንሣና ኮምፒውተርህ የሚያሳየውን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ እንየው!»

«መላጣዬን ነው ጌታዬ» አለ ራሱን እየዳበሰ። «ከሩቅ የሚያበራ ነገር እደብቃለሁ ማለቴ ሞኝነት ነው። ግን አንድ ገጽ ላይ ፀጉር የሚያበቅል ቅባት ብጠይቅ፣ ለንስሐ አባቴ የነገርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ለአገር ሁሉ አውርተውብኛል! ዜና ስከፍት ቅባት፣ የለቅሶ ማስታወቂያ ስከፍት ቅባት። ገዝቼ ብቀባም የበቀለው ማስታወቂያው ብቻ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። አቶ ደምመላሽ ግን «አንሣ ብያለሁ!» ብለው ጮኹ።

«አነሣለሁ። የኔን መላጣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ትናንት አስተካክል ብለው የሰጡኝ የእርስዎ ኮምፒውተር ማገጃ የለውም፤ ንጹሕ ሰው ስለሆኑ ከእርስዎ እንጀምር?»

የአቶ ደምመላሽ እጅ ሳያስቡት ወደ ባርኔጣቸው ሄደ።

«አይዞዎት ጌታዬ፣» አለ ሰውየው ዝቅ ብሎ፣ «ቅባቱ እንደማይሠራ እኔ ምስክር ነኝ።»