ገለባ የተሞላው ግልገል

አንድ መስጂድና አንድ የውሃ ጉድጓድ ብቻ በነበራት፣ ስሟን ዛሬ የሚያስታውስ በሌለ የቆላ ከተማ ሼህ ጡሃ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ከበጎቻቸውና ከፍየሎቻቸው በቀር ሁሉም ያከብራቸዋል። አንዷ በግ ከደነበረች ሌሎቹ ተከትለዋት እሾህ ውስጥ ይገባሉ። ወጠጤው ደግሞ ሼሁ ሲሰግዱ ሱጁድ ወርደው ግንባራቸውን መሬት ባስነኩ ቁጥር የጥምጣማቸውን ጫፍ ያኝካል። "ይኼስ ሸይጧን ሳይሆን አይቀርም" ይሉና ምራቁን ይጠርጋሉ።

ዝናብ በጠፋበት ዓመት ሰዓዳ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት ሩቅ አገር ያለች እናቷን ልታስታምም ስትሄድ፣ ያላትን አንዲት እርጉዝ ፍየል አማና፣ አደራ ብላ ሰጠቻቸው። የሼሁም ፍየል እርጉዝ ነበረች፤ ቤቱ መውለጃዋን በጉጉት ይጠብቃል። ባለቤታቸው ሞሚና ታማ ከተኛች ሰንብታለች፣ ከወተት በቀር ሆዷ የሚቀበለው አልነበረም።

አንድ ቀን ሼሁ ከመግሪብ ሰላት ሲመለሱ ሁለቱም ፍየሎች ወልደው ጠበቋቸው። አንዱ ግልገል በግርግሩ ተረግጦ ሞቷል። ሁለቱ እናቶች የተረፈውን እየላሱ በቀንድ ይማታሉ፤ እሱም ሳያፍር ከሁለቱም ይጠባል። የሁለቱም አባት ያው ጥምጣም የሚያኝከው ወጠጤ ስለሆነ በመልክ የሚለይ አልነበረም።

"የቱ ነው የሞተው?" አለች ሞሚና ከመኝታዋ።

"አላወቅሁም።"

"እንግዲያው የተረፈው የኛ ነው ይበሉ። ፍየሏ የሚጠባት ካጣች ወተቷን ትይዛለች። ደግሞስ ማን አየ?"

ሼሁ እንዲህ ስትናገር ሰምተዋት አያውቁም። የተናገረው ርሃቧ መሆኑ ገብቷቸው ልባቸው ተሰበረ።

ሰዓዳ እናቷ ዘንድ ልትኖር ወስና ፍየሏን ልትወስድ ስትመጣ፣ የሞተው የኔ ነው ብለው ከነግልገሏ አስረከቧት። የሞሚናን ነገር ቢነግሯት ግልገሉን ትታላቸው እንደምትሄድ ስላወቁ አልነገሯትም።

"የሞተው የርስዎ መሆኑን በምን አወቁ?" አለቻቸው።

"አላወቅሁም። ስላላወቅሁ ነው የኔ የሆነው።"

ከዚያ እረኞች እንደሚያደርጉት አደረጉ። አስቀድመው ገፈው ያደረቁትን የሞተውን ግልገል ቆዳ ገለባ ሞልተው ሰፉና ወተቷን እንድትለቅ ለፍየላቸው አስጠጉላት። አሸተተችው፣ ላሰችው፣ ከዚያም ስፌቱን በጥርሷ ፈትታ የልጇን ሆድ ዕቃ እስከ መጨረሻው ገለባ በላችው። በድርቁ እሷም ርቧት ነበር። ሼሁ ሳቁ፤ ሲስቁ እንባቸው ፂማቸውን አራሰው።

ወተቷ ነጠፈ። ሞሚናም ዝናቡን ሳታይ አረፈች፣ አላህ ይዘንላት። ከመሞቷ በፊት "ያን ቀን ላልኩት አውፍ ይበሉኝ፤ ደግ አደረጉ" ብላቸው ነበር።

ሊያስተዛዝኑ ለተእዚያ ከመጡት አንዱ አላስችል ብሎት፣ "ሼህ፣ ግልገሉን ቢያስቀሩት እኮ ትተርፍ ነበር" አላቸው።

"ትተርፍ እንደሁ አላውቅም" አሉ። "እኔ በማላውቀው ነገር ለራሴ አልፈርድም።"

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን አማና የምንበላው አውቀን አይደለም። ነገሩ ሲደበላለቅብን ወደ ራሳችን እናዘነብላለን፤ ሌብነት ስላልመሰለን እንቅልፍም አይነሳንም። ለሼህ ጡሃ ግን ቅንነታቸው እንቅልፍ አልሰጣቸውም ይባላል። ጎህ ሲቀድ ተነስተው ይሰግዳሉ። ወጠጤው እንደ ልማዱ ጥምጣማቸውን ያኝካል። አይቆጡትም ነበር፤ በዚያ ቤት ሱጁዳቸውን የሚጠብቅ ሌላ አልቀረምና።