ሞተሩ የተቀየረ ኮምፒውተር

አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ሃያ አራት ሺህ ብር ሁለት ጊዜ ከመክፈል ለጥቂት ተረፈ። ስሙ ባዩ ነው። ከመንገድ ዳር ቡሎን ለቅሞ ከመሸጥ ተነስቶ ባለ ሱቅ የሆነ፣ ብር ከእጁ ስትወጣ የት እንደምትገባ በዓይኑ የሚከተል ሰው ነበር።

ሃያ አራት ሺዋ የወጣችው ለሱቁ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነበር። ጎረቤቶቹ በጥቂት መቶ ብር የተሰረቀ ቅጂ ሲያስጭኑ እሱ ከነፈቃዱ ገዛ። እንዲያ ባለው ቅጂ የገባ ቫይረስ አንዴ የስድስት ወር ሂሳቡን በልቶበታልና ከዚያ ወዲህ በርካሽ ነገር አይታለልም። ጎረቤቶቹ ግን «ባዩ አየር ገዛ» እያሉ ሳቁበት።

በተገዛ ዕለት የሱቁን ገንዘብ የምትይዘው ሚስቱ ስንዱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ስሟን፣ ስልኳንና የኢሜይል አድራሻዋን ሞላች፤ የይለፍ ቃልም አበጀች። ባዩ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ዕቃ ገዛን እንጂ ጋብቻ አልተፈራረምን። ይኼ ሁሉ ስም ለምኑ ነው?»

«ፈቃዱ በስማችን ይታወቅ ብዬ ነው። አንተ ደንበኛህን አስተናግድ።»

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አንድ ቀን መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ፣ ማዘርቦርዱ፣ ተቃጠለ። ስንዱ ለቅሶ ሄዳ ስለነበር ባዩ ጠጋኝ ጠርቶ አዲስ አስገባ። ጠጋኙ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ «ጋሼ፣ ዋናውን አካል ስለቀየርኩት ፈቃዱን እንደገና ይጠይቅዎታል፤ በተመዘገበበት ስም ይግቡ» አለ። ባዩ ግን በዚያች ደቂቃ በር ላይ ቆሞ የተቃጠለውን ቦርድ አሮጌ ዕቃ ከሚገዛ ቆራሌ ጋር ይከራከርበት ነበር። ስልሳ ብር ጠርቶ በአርባ ሸጠ። የጠጋኙ ቃል በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

አርባ ብሩን ኪሱ ከትቶ ቢመለስ ኮምፒውተሩ ላይ «ይህ ዊንዶውስ ፈቃዱ አልጸደቀም፤ የኮምፒውተሩ ዕቃ ተለውጧል» የሚል መልእክት ቆሞ ጠበቀው። ባዩ መልእክቱን ሁለቴ አነበበው። ዕድሜውን ሙሉ ነገርን በዕቃው የሚመዝን ሰው ነውና ፈቃዱ ያለው በአሮጌው ቦርድ ውስጥ መሰለው። ሃያ አራት ሺውን በአርባ ብር ሸጥኩት አለ። ጎረቤቶቹ ሲስቁ ታየው። ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ ሮጠ፤ ቆራሌውንም ከገበያው መውጫ ላይ ደረሰበት።

«ያን ቦርድ መልስልኝ። እንካ መቶ ብር።»

ቆራሌው ማዳበሪያውን ወደ ጀርባው ሳብ አደረገ። «ጋሼ፣ ለመቶ ብር ዕቃ በዚህ ፀሐይ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ሦስት ሺህ።»

«የተቃጠለ ብረት እኮ ነው።»

«እኔም የተቃጠለ ነው ብዬ ነበር የገዛሁት። እየሮጡ መጥተው ያዳኑት እርስዎ ነዎት።»

በአንድ ሺህ አምስት መቶ ተስማሙ።

ስንዱ ከለቅሶ ስትመለስ ባዩ ቦርዱን በመሐረቡ እየጠረገ አገኘችው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዊንዶውሳችን ነው» አለና የሆነውን ሁሉ ነገራት።

ስንዱ ሳቋን ዋጠች። «ባዩ፣ ለሰው ሞተር ስትሸጥ መጨረሻ ላይ ምን ትለዋለህ?»

ይህንን ሳያስብ ነው የሚመልሰው። «አዲሱን የሞተር ቁጥር ሊብሬህ ላይ አስመዝግብ፤ ያለዚያ በገዛ መኪናህ ሌባ ትባላለህ።»

«ሌላ መኪና ግዛ አትለውም?»

«ለምን ሲባል? መኪናው የራሱ ነው።»

«አሮጌውን ሞተር አዝለህ ዙርስ?»

ባዩ ቦርዱን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ስንዱ ተቀመጠች። ዕቃ መቀየሩን ለኮምፒውተሩ አስታወቀች፤ ያን ጊዜ በሞላችው ስምና የይለፍ ቃል ገባች። የሱቁ ኮምፒውተር ከስሟ ሥር ተዘርዝሮ መጣ፤ ይኸው ነው ብላ መረጠችው። አንድ ደንበኛ የፍሬን ሸራ መርጦ ሳይጨርስ መልእክቱ ከስክሪኑ ጠፋ።

ባዩ ሚስቱን አዲስ ሰው እንደሚያይ አያት። «ያን ቀን ጋብቻ ነው እንዴ ብዬሽ ነበር» አለ።

«ጋብቻማ ነው። ዕቃው ሲቃጠል የሚተርፈው የተፈራረሙት ነው።»

የተቃጠለው ቦርድ ዛሬም በሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ይህ የምን መኪና ዕቃ ነው ብሎ ለሚጠይቅ ደንበኛ ባዩ፣ «ለሰው በነጻ ስሰጠው ኖሬ ለራሴ በአንድ ሺህ አምስት መቶ የገዛሁት ምክር ነው» ይላል።

የእኛ የሆነ ነገር በአካሉ ብቻ ከታወቀ አካሉ ሲለወጥ ይጠፋብናል፤ በስማችን ከታወቀ ግን አካሉ ቢለወጥም ያገኘናል። ቤት የቀየረ፣ ሥራ የቀየረ፣ ልቡን የቀየረ ሰውም እንዲሁ ነው፤ የሚያውቁት ማነህ ብለው ቢጠይቁት ሊቆጣ አይገባም፤ እኔ ነኝ ብሎ ስሙን ይንገር። እርስዎስ ለሌላው በየቀኑ የሚሰጡትን ምክር ለራስዎ የሰጡት መቼ ነው?

ሂሳቡ እንዲህ ተዘጋ። ባዩ ቦርዱን ሽጦ አርባ ብር አገባ፤ መልሶ ለመግዛት አንድ ሺህ አምስት መቶ አወጣ፤ ኪሳራው አንድ ሺህ አራት መቶ ስልሳ። ስንዱ ስሟን ስትሞላ ምንም አላወጣችም፤ ያዳነችው ሃያ አራት ሺህ።