ልጓሙን ቆሞ የመለሰው ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ፤ በቅሎ ተከራይቶ መመለስ ያቃተው።

አትሳቂ፣ ዕፁብ። የተከራየሻትን መኪና ለአከራዮቹ ልትመልሺ ሦስት ጊዜ ሄደሽ ሦስቴም እየነዳሽ የተመለስሽው አንቺ ነሽ፤ «ምን ብዬ ልገላገላቸው?» ብለሽ የጠየቅሽኝም አንቺ። እኔም ብሆን በይሉኝታ ብቻ ሦስት ጃንጥላ ገዝቼ አውቃለሁ። ስለዚህ ዝም ብለሽ ስሚ።

ሰውየው ገበሬ ነበር። እናቱ ወገቧን ታመመችና ጠበል የሚያደርሳት ጠፋ። በአገሩ በቅሎ የሚያከራይ አንድ ባለጠጋ ነበረ፤ ለአንድ ዓመት ተዋዋሉ። ኪራዩ ጉልበት ነው፦ ማክሰኞና ሐሙስ የባለጠጋውን መሬት ያርሳል። ገበሬው ለእናቱ ሲል በደስታ ተስማማ።

ዓመቱ ሲያልቅ እናቲቱ ተሽሏት ምርኩዟን ይዛ ራሷ መሄድ ጀመረች። ገበሬውም በቅሎዋን ሊመልስ በጠዋት ተነሣ። በልቡ ማክሰኞውንና ሐሙሱን ለየትኛው ማሳ እንደሚያውላቸው እያሰበ ነበር።

ባለጠጋው እስከ ደጅ ወጥቶ ተቀበለው። አቅፎ ሳመው፣ አስገባው፣ ቁርበት የተነጠፈበት መደብ ላይ አስቀመጠው። ጠላ ቀረበ፤ ምግብ ተከተለ። ገበሬው የመጣበትን ለመናገር አፉን በከፈተ ቁጥር ባለጠጋው «በሞቴ» እያለ ያጎርሰዋል። ሦስተኛው ዋንጫ ላይ አንዲት ዳማ በቅሎ ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ትሰግር ጀመር። ነገ ሌላ ሰው ሊወስዳት እንደሆነ፣ ለእሱ ሲል ብቻ እንዳቆያት ባለጠጋው ነገረው። ከዚያ ወደ አሮጌዋ በቅሎ ዞር ብሎ ጆሮዋን ያዘና፣ ይህ ጆሮ ከዚህ ሲወጣ ደህና ነበር አለ።

ጆሮው ድሮም የተሸረፈ ነበር። ገበሬው ያውቃል። ነገር ግን ጉርሻው ገና ከአፉ ሳይወርድ ከጋባዡ ጋር እንዴት ይሟገት? የበላበትን ወጪት ሰባሪ እንዳይባል ፈራ። እያቅማማ እሺ አለ፤ ዳማዋን ለሌላ ዓመት ይዞ ወጣ። ለተሸረፈው ጆሮ ደግሞ ዓርብ ተጨመረበት።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ምን ሆነህ ነው በሌላ በቅሎ የመጣኸው ብላ ጠየቀችው። ጠላው እንዴት ያለ እንደነበር ይነግራት ጀመር።

«በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ» አለችው። «ሰውየው ስንት በቅሎ እንዳለው ታውቃለህ?»

«ሰባት» አለ።

«ከአንተ ጋር ስምንት።»

ዳማዋን ሊያስራት ወጣ።

ያ ዓመት ከባድ ነበር። የራሱን ማሳ የሚያርሰው የሰው አርሶ በደከመ ክንድ ነው። ገብሱ ዘግይቶ ተዘራ፤ አረሙ ቀደመው። ሚስቱ ብቻዋን ስታርም እጇ ውኃ ቋጠረ። እናቱም ነገሩን ስትሰማ በዳማዋ ላይ አልቀመጥም ብላ በእግሯ መሄዷን ቀጠለች። ምርቱ ሲገባ ጎተራው እስከ ወገቡ እንኳ አልሞላም። እንዲህ ያለ አንድ ዓመት ቢደገም ዘሩን ሊበሉት ነው። ገበሬው ይህን ሁሉ ያየዋል፤ ያፍራል፤ ያንን ደጅ ሲያስበው ግን ጉርሻው ትዝ ይለዋል።

ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጎረቤቱ ለልጁ ሚስት እንዲጠይቁለት ሽማግሌ ላከ፤ ገበሬውም አንዱ ነበር። የልጅቷ አባት ግቡ፣ ተቀመጡ፣ እህል ቅመሱ ቢላቸው ገበሬው ራሱ ቀድሞ፣ ነገራችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም፣ አንቀምስም አለ። በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ። አባትየው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ቤት ገብቶ ቢወጣ አልተነቃነቁም። በመጨረሻ እሺ አለ፤ ያን ጊዜ ተቀመጡና በሉ። ማንም ባለጌ አላላቸውም፤ እንዲያውም ተመረቁ።

ገበሬው ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ መሀል ላይ ቆመ። ለሰው ጉዳይ እንዲያ መቆም ያውቅበታል። ለራሱ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አያውቅም።

ቀኑ ሲደርስ መጀመሪያ ኮርቻ ሠሪው ዘንድ ሄደ። የባለጠጋውን በቅሎዎች ሁሉ ኮርቻ የሚሠራው እሱ ነው። የዳማዋን ጀርባ፣ ሰኮናዋን፣ ጆሮዋን አንድ በአንድ አሳየው። ከዚያ አብረው ሄዱ።

ባለጠጋው እንደ ልማዱ እጁን ዘርግቶ ወጣ። «ምነው ወንድሜ፣ ደጅ ላይ? ግባ እንጂ፣ ጠላው ቀርቧል።»

ገበሬው በዱላው ተደግፎ ቆመ። «በቅሎዋን ልመልስ ነው የመጣሁት፣ ጌታዬ። ልጓሙን ይቀበሉኝና እገባለሁ።»

ባለጠጋው ሳቀ፣ ለመነ፣ በሞቴ አለ። አንዲት ነጭ በቅሎ አስወጥቶ አስጋለበ። የዳማዋ ሰኮና ተሰንጥቋል ሲል ኮርቻ ሠሪው ጎንበስ ብሎ አነሣና፣ ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው አለ። ገበሬው በየመሀሉ ያችኑ ቃል ይደግማል፤ አይጨምርባትም፣ አይቀንስላትም።

«እናትህን በስተርጅና በእግሯ ልታስኬዳት ነው?» አለ ባለጠጋው።

ይህ ልቡን ነካው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። መልስ ነበረው፤ ግን መልስ ከጀመረ ክርክር እንደሚሆን፣ ክርክር ከሆነም ቁጭ ብለን እንነጋገር እንደሚባል አወቀ። «ልጓሙን ይቀበሉኝ፣ ጌታዬ» ብቻ አለ።

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። መንገደኛ እየቆመ ያይ ጀመር። ባለጠጋውም አገሩን ያውቃል፦ በደጁ የቆመን ሰው እሺ ሳይሉ ማዋል ለባለቤቱ ነውር ነው። እጁን ዘረጋና ልጓሙን ተቀበለ።

ገበሬው ገባ፣ ተቀመጠ፣ አንድ ዋንጫ ጠጣ፣ ቤቱን መርቆ ተነሣ። ባለጠጋው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲሸኘው ትከሻውን ያዝ አድርጎ፣ «አምናም እንዲህ ብትቆም ኖሮ እቀበልህ ነበር» አለው።

ገበሬው ያንን መንገድ በእግሩ ሲሄድ አንዴ ይስቃል፣ አንዴ ያለቅሳል። ማክሰኞ ሲነጋ በሬዎቹን የጠመደው በገዛ ማሳው ላይ ነበር። ሚስቱም አየችውና፣ ባለጠጋው እንግዲህ ሰባት ቀሩት አለች።

እንግዲህ ልጄ፣ ያቺ አከራዮቹ ማኪያቶ የሚያቀርቡልሽ ቢሮ የባለጠጋው ቤት ናት። ዛሬ ብቻ ነው ብለው የሚያሳዩሽ አዲስ መኪና ዳማዋ ናት። በሩ ላይ አገኘን የሚሉሽ ጭረትም ያው ጆሮው ነው። እዚያ የሚሠሩትን ልጆች አትጥያቸው፤ እንጀራቸው ነው፣ አለቃም አለባቸው። አንቺ ግን ቅዳሜና እሑድሽን ለዚህች መኪና ኪራይ ስትሠሪ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ልጅሽም ጎረቤት ቤት ትውላለች። ስለዚህ በጠዋት መካኒክሽ ዘንድ ሂጂ፤ አይቶ በጽሑፍ ይስጥሽ። ከዚያ ግቢና ቁሚ። ቁልፉን ዘርጊ፤ «ውሌ አልቋል፣ ተቀበሉኝና መረከቢያ ወረቀት ስጡኝ» በያቸው። ለምን ቢሉሽ ያንኑ በያቸው። ወረቀቱ እጅሽ ከገባ በኋላ ማኪያቶውን ብትፈልጊ ጠጪው።

ስትወጪ በእግርሽ ነው የምትሄጂው። በዚህ በኩል እለፊ፣ ልጅሽንም ይዘሻት ነይ። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ተቀመጪ እልሻለሁ።