ከመጨረሻው ማሳ በታች

ወገኖቼ፣ ሽንኩርት የሚያለማ አንድ ገበሬ ነበረ። ከምንጩ የሚወርደው ቦይ እሱ ማሳ ሲደርስ ኩሬ ሆኖ ያበቃል። ከእሱ በታች ቁጥቋጦ እንጂ እርሻ የለም።

በዚያ አገር የመስኖ ውሃ በተራ ነው። ተራው የደረሰ ሰው ከታች ቆሞ «ተራ ደርሷል» ብሎ ይጣራል፤ ከላይ ያለውም «ዘግቻለሁ» ብሎ ይመልስና ቦዩን በጭቃና በሣር ይደፍናል። ጥሪውን ያልሰማ ሰው ግን አይቀጣም። ይህቺን ልብ በሉልኝ።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሲያጠጣ ከቁጥቋጦው በኩል ተጠራ። «አያቴ፣ ተራ ደርሷል።» የሕፃን ድምፅ ነው። ወርዶ ፈለገ፤ ዱካ እንኳ የለም። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ተጠራ። ተራ ወደሚያከፋፍሉት የውሃ አባት፣ ወደ አያ ይመር ሄደ።

«ከእኔ በታች ለማን መሬት መራችሁ?»

«ለማንም። አንተ መጨረሻ ነህ።»

«አያቴ እያለ ተራ የሚጠራኝ አለ።»

«የልጅ ልጅ አለህ እንዴ?»

«ኧረ የለኝም። ልጄን ገና ዘንድሮ መዳሬ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ቁጥቋጦው አየት አደረጉና «እንግዲያስ ዝጋ፣ ልጄ» አሉት።

ዘጋ? አልዘጋም። ሽንኩርቱ ሊደርስ ሁለት ውሃ ብቻ ቀርቶታል፣ እንዴት ይዝጋ? ምን አደረገ መሰላችሁ? የውሃ ሞተር አምጥቶ ኩሬው ላይ ተከለ። ሞተሩ ሲያጓራ ምንም አይሰማም። ያልሰማ ደግሞ አይቀጣም።

ሽንኩርቱ አማረለት። በዓመቱ ማሳውን አሰፋ፤ ሁለተኛ ሞተር ጨመረ። ልጁም አረገዘች።

አንድ ቀን በቀትር ሞተሮቹ አየር ስበው ቀጥ አሉ። ኩሬው ጭቃ ብቻ ሆኗል፤ ምንጩም ነጥፏል። ሰውዬው ወደ ቁጥቋጦው ሮጠ። «ዘግቻለሁ» አለ። «ዘግቻለሁ፣ የኔ ልጅ፣ ውሰድ» እያለ እስኪመሽ ተጣራ።

ማንም አልመለሰለትም።

እናንተስ? ሰው እየበዛ ነው፤ የሚበላው እህል ሁሉ ውሃ ይጠጣል። እኛ ግን ከእኛ በታች ማንም እንደሌለ ሆነን እንቀዳለን። የመጨረሻው ማሳ የእናንተ ነው ያላችሁ ማነው?

ነገ ውሃ ዳር ስትቆሙ ሞተራችሁን አጥፉና ጥቂት አድምጡ። ከታች የሚጠራችሁ ካለ ፈጣሪን አመስግኑ፣ ገና የሚተርፍለት ውሃ አለ። የሚጠራችሁ ከጠፋ ግን፣ ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ አልቅሱ።