እመት ለቃሚት እና ጣት የሚያክለው አልቅት

ተረት አለኝ። «ይምጣ!» በሉ እንጂ፤ ዝም ላለ ሰው አላወራም። ይኸው መጣ!

ድሮ፣ ከብት አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ እመት ለቃሚት የምትባል ወፍ ነበረች። ሥራዋ ሕክምና ነው። ከአያ ደምለው በሬ፣ ከዳለቻ ገላ ላይ መዥገር ትነቅላለች። ደመወዟም ያው የነቀለችው መዥገር ነው፤ ቢበዛ ምስር ቢያክል ነው።

ዳለቻ ታዲያ ክፉ አመል ነበረው። ስትነቅልለት ያመዋል፣ ሲያመው ጭራውን ያወናጭፋል። ጧ! እመት ለቃሚት መሬት ላይ።

«ኧረ ዳለቻ፣ ላክምህ እኮ ነው!»

«ጭራዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!»

በማግስቱም ጧ! «ጭራዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!»

አንድ ቀን ዳክዬ ከሩቅ ሐይቅ ወሬ ይዛ መጣች። «አያ ጉማሬ ሐኪም ይፈልጋል። እሱ ጋ ያለው አልቅት ጣት ያክላል። ጭራው ደግሞ አጭር ነው፣ ዝንብም አይመታ!» እመት ለቃሚት ብድግ ብላ በረረች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዳክዬ አልዋሸችም። አልቅቱም ጣት ያክላል፣ ጭራውም አጭር ነው። ለቃሚት በላች፣ ጠገበች፣ ደረቷ ሞላ። ግን ገና «እፎይ» ብላ ስትቀመጥ አያ ጉማሬ ውሃው ውስጥ ጥልቅ ይላል፤ እሷ አየር ላይ ትቀራለች።

«አያ ጉማሬ፣ እንዴት አደርክ?» ትላለች ሲወጣ። እሱ ያዛጋል።

«ልጆችህ ደህና ናቸው?» አሁንም ያዛጋል።

«ስሜንስ ታውቀዋለህ?»

«ወፍ አይደለሽ?» ብሎ ጥልቅ።

ለአገር ቤት የላከችው መልእክት ግን «አልቅቱን በልቼ መጨረስ አቃተኝ!» የሚል ነበር። ማረፊያ አጥታ ሐይቁ ዳር በአንድ እግሯ ቆማ እንደምታድር ትንፍሽ አላለችም። የመንደሩ ወፍ ሁሉ «ለእኔም አንድ አልቅት ትላክልኝ!» እያለ ዳክዬን መድረሻ አሳጣት።

ዳለቻስ? መዥገር ጆሮው ውስጥ ገብቶ ደነቆረ። አያ ደምለው «ና!» ሲለው ይቆማል፣ «ቁም!» ሲለው ይሄዳል። «ይኼ በሬ ለእርሻ አልሆነም፤ ለፋሲካ ይታረዳል» ተባለ። ዳለቻም ላገኘው ሁሉ «ለአልቅት ብላ ጥላኝ ሄደች!» እያለ አለቀሰ።

ዳክዬ ይህን ስትነግራት ለቃሚት ክው አለች። «አያ ጉማሬ፣ ወዳጄ ሊታረድብኝ ነው። ልሂድ?»

«ሂጂ። እንዳንቺ ያለ ስንት ወፍ ዳር ላይ ተሰልፏል» ብሎ ጥልቅ።

በፋሲካ ዋዜማ ስትደርስ አያ ደምለው ቢላዋ ይስላል። ቸኩላ የዳለቻ ጆሮ ላይ አረፈች፣ መዥገሩን ነከስ አደረገች። ጭራው ጆሮው ድረስ ተወንጭፎ ጧ! መሬት ላይ።

ለቃሚት ደሟ ፈላ። ቀንዱ ላይ ወጥታ በጆሮው ጮኸችበት። «ለአልቅት ብላ ሄደች ትላለህ አሉ! ከጭራህ ሸሽቼ ነው የሄድኩት! አልቅት ባይኖርም እሄድ ነበር!»

ዳለቻ «ጭራዬ ነው እንጂ...» ብሎ ሊጀምር አለና ቢላዋውን አየ። አንገቱን ደፋ። «ጭራዬ አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ የመታሁሽ።»

ከዚያ ጭራውን በእግሮቹ መሃል ቆለፈ። አንዱን ነቀለች፤ ጭራው ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛውን ነቀለች፤ ዳለቻ ዓይኑን ጨፈነ። ሦስተኛውን ስትስብ ጆሮው ቧ ብሎ ተከፈተ።

«ና ዳለቻ!» አለ አያ ደምለው ቢላዋውን እንደያዘ። መጣ። «ቁም!» ቆመ። አያ ደምለው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ቢላዋውን ሰገባው ውስጥ ከትቶ በግ ሊገዛ ወጣ። በጉ ምን እንዳለ እኔን አትጠይቁኝ።

«አልቅቱ ይናፍቅሻል?» አላት ዳለቻ ሲመሽ።

«ኧረ እንዴት አይናፍቀኝ! ጣት ያክል ነበር እኮ!»

ጭራው ብድግ ሊል አለ። ያዝ አደረገው።

በሉ ተረቴን ይዛችሁ ግቡ። ለእኔ ዳቦ ይበቃኛል፤ አልቅት እንዳታመጡብኝ። እናንተም ሐኪማችን ጥላን ሄደች ብላችሁ ከማማታችሁ በፊት፣ እስቲ መጀመሪያ ጭራችሁን ያዙ።