ኮት የተቀመጠበት ወንበር

እነ ባላምባራስ ይፍሩ፣ እነ ግራዝማች ወልደየስ፣ እነ አለቃ ገብረጻድቅ የመዝገብ ቤት ሹም በነበሩበት ዘመን ወንበር የሚፈራ ነገር ነበር። ባላምባራስ ይፍሩ ወባ ያንቀጠቀጣቸው ጊዜ እንኳ ጋቢ ደርበው ባለጉዳይ ያስተናግዱ ነበር እንጂ ከወንበራቸው አልተነሡም። ግራዝማች ወልደየስ ሲያርፉ በቦታቸው የተተካው ሰው፣ እንጨቱ የእሳቸውን ቅርጽ ከመያዙ የተነሣ፣ «ሰው ጭን ላይ የተቀመጥሁ መሰለኝ» ብሎ ደንግጦ ተነሥቷል። አለቃ ገብረጻድቅማ ባለጉዳይ ቆሞ ሳለ ውሃ አይጎነጩም ነበር ይባላል።

በድሬዳዋ ሽማግሌዎች ዘንድ፣ በስሙ እንጂ በአካሉ ሥራ ላይ የማይገኝ ሰው ሲነሣ የምትነገር አንዲት አጭር ምሳሌ አለች። የሚናገራት ብዙ ነው፤ ከየት እንደ መጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። መነሻዋ የእነዚያን አባቶች ወንበር ሊወርስ የተመኘ፣ ሊቀመጥበት ግን ያልፈለገ ዘርጋው የሚባል ጸሐፊ ነው።

ዘርጋው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። ትምህርት አልጎደለውም፤ የእጅ ጽሕፈቱም ያምራል። የመዝገብ ቤቱ ሹም በጡረታ ሊሰናበቱ ስለ ነበር፣ ሹመቱ ለእርሱ እንደሚሆን ባልደረቦቹ ያውቁ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ከሁሉም አስቀድሞ ያውቅ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ቀኛዝማች አብተው አንድ ቀን ጠርተው፣ «አባትህ የታመነ ሰው ነበር። አንተም አርፈህ ከተቀመጥህ ወንበሩ ያንተ ነው» ብለውታል። ዘርጋው «ያንተ ነው» የምትለዋን ይዞ ወጣ፤ «ከተቀመጥህ» የምትለዋን እዚያው ጥሏት ሄደ።

ልቡን የወሰደበት ሐራጅ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ በሚባለው የገበያ ሰፈር ውስጥ፣ ሐጂ ዩስፍ የሚባሉ ሰው በየክፍሉ የሚያከራዩት ሰፊ መጋዘን ነበራቸው። ነጋዴው ክፍል ተከራይቶ ዕቃውን ይቆልፍበታል። ኪራዩን ሳይከፍል የጠፋ፣ ወይም ዕቃው የሰለቸው ሰው ሲኖር፣ ክፍሉ ከነያዘው ነገር ለሐራጅ ይቀርባል። ደንቡ ጥብቅ ነው። በሩ ይከፈታል፤ ተጫራቹ ደፍ ላይ ቆሞ በእጅ ባትሪ ያያል፤ እግሩን ማስገባት፣ እጁን መስደድ አይፈቀድለትም። የባለዕቃው ማንነትም ከመሸጡ በፊት አይነገርም። ከውስጡ ሐር ቢወጣ ሣር፣ ዕድሉ የገዢው ነው። ዘርጋው መጀመሪያ የገዛው ክፍል ውስጥ ደኅና የስፌት መኪና አገኘ። መኪናዋን አትርፎ ሸጣት፤ ልቡም አብሯት ተሸጠ።

ችግሩ ሰዓቱ ነበር። በድሬዳዋ ቀትር ላይ ቢሮውም ሱቁም ተዘግቶ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይተኛል። ስለዚህ ሐራጁ የሚካሄደው ጠዋት ነፋሱ ሳይግል ነው፤ መዝገብ ቤቱም ባለጉዳይ የሚያስተናግደው በዚያው ሰዓት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን መርጦ ሌላውን ይተው ነበር። ዘርጋው ግን አገሩን ለራሱ ሊያመቻች ተነሣ።

«ሐጂ፣ ሐራጁን ወደ ቀትር ቢያዞሩት ምን ይመስልዎታል? ለእኛ ለመንግሥት ሰዎች የሚመቸን ያን ጊዜ ነው።»

ሐጂ ዩስፍ መቁጠሪያቸውን እየገፉ ሳቁ። «ልጄ፣ በቀትር ድሬዳዋ ውስጥ ነቅታ የምትገኘው ፀሐይ ብቻ ናት። ለእርሷ ልሽጥላት?»

ይህ አልሆን ቢለው ዘመዶቹን መቅበር ጀመረ። በሐራጅ ቀን ሁሉ አንድ ሰው ይሞትበታል። በመጨረሻ ቀኛዝማች ከመነጽራቸው በላይ ተመለከቱት።

«ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?»

«ሐረር ያለችው አክስቴ ነች ጌታዬ።»

«ሰኔ ላይ የቀበርሃት?»

ዘርጋው መሬት መሬት አየ። «ያቺ… ያቺ ታላቋ ነበረች።»

«እንግዲያው ታናሿን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ። ሂድ ሥራህን ሥራ።»

ሬሳው ባለቀበት ጊዜ የመጣለት ብልሃት ከሁሉ የባሰው ነው። ቀኛዝማች አብተው ጸሐፊ ያለ ኮት ቢሮ እንዳይገባ አጥብቀው ያዝዙ ነበር። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ የሚውል ግን ስለሌለ፣ ሁሉም እንደ ገባ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ያንጠለጥለዋል። ኮቱ ካለ ባለቤቱ አለ ማለት ነው፤ ቢታጣም ለአፍታ ወጣ ብሎ ነው። ዘርጋው ሥራ የገባ ቀን አባቱ በአርመን ሰፊ ያሰፉለት ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ኮት ነበረው። እርሱን ወንበሩ ላይ ያለብሰዋል፣ የቀለም ብዕሩን ክዳን ከፍቶ በተገለጠው መዝገብ ላይ ያጋድመዋል፣ በጓሮ በር ወጥቶ ጋሪ ይሳፈርና ደቻቱን ይሻገራል።

ተላላኪው አባ ጎበና የሚመልሱት አንድ ቃል ብቻ ሆነ።

«አቶ ዘርጋውስ?»

«አሁን እዚህ ነበሩ፤ ኮታቸው ይኸው።»

ኮቱ ወዲያው የተመሰገነ ሠራተኛ ወጣው። አያረፍድም፤ አይታመምም፤ አክስት የለችውም። ከኤረር የመጡ አንዲት ባልቴት የይዞታ ማስረጃ ግልባጭ ፈልገው ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊቱ እየተቀመጡ በትዕግሥት ይጠብቁት ነበር። አንድ ቀን ሲነሡ እጅ ነሥተውት ወጡ አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶ የማያፍር ዘርጋው ብቻ ነው፤ እርሱ ይሥቅበት ነበር።

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሁልጊዜ የሚያገኛት አዴ ዘምዘም የምትባል የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነበረች። መላዋ ድሬዳዋ በአክብሮት «አዴ» ነው የሚላት፤ ምላሷን የማይፈራ የለም።

«አንተ ሰውዬ፣ መንግሥት ምነው እንዲህ ለቀቀህ?»

«መቼ ለቀቀኝ አዴ! ሥራ ላይ ነኝኮ። ኮቴ እዚያ ነው ያለው።»

«ደመወዙንስ ለማን ነው የሚሰጡት? ለኮቱ ነው ለአንተ?»

«ለኔ ነዋ!»

«ኮቱ የነቃ ቀን ጉድህ ፈላ በለኛ!»

ዘርጋው ከልቡ ሣቀ። ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ መገኘትን የመሰለ ጥበብ አባቶቹ ሳያውቁት ማለፋቸው ያሳዝነው ነበር።

የመዝገብ ቤቱ ሹም የተሰናበቱ ሰሞን፣ ቀኛዝማች አብተው ከሰዓት በኋላ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ። ስብሰባውን ከዘርጋው ወገን የተካፈለው ኮቱ ነበር። እርሱ ራሱ በማግሥቱ ስለሚሸጡት ክፍሎች ወሬ ሊያጠያይቅ መጋላ ወርዷል። ቀኛዝማች በስብሰባው ላይ፣ ከአዲስ አበባ በባቡር አዳዲስ ወንበሮች እንደ መጡ፣ በማግሥቱ ጠዋት እያንዳንዱ ሠራተኛ ስሙ ሲጠራ ከአሮጌው ተነሥቶ በአዲሱ በመቀመጥ እንደሚረከብ፣ የሹሙም ወንበር በዚያው ጊዜ እንደሚሰጥ ተናገሩ። ኮቱ በጸጥታ አዳመጠ፤ ለባለቤቱ ግን አልነገረውም።

በማግሥቱ ዘርጋው ማልዶ ገባ፣ ኮቱን አንጠለጠለ፣ ብዕሩን አጋደመ። አባ ጎበና በጓሮ በር ላይ ጠበቁት።

«ጌታው፣ ዛሬስ ባይወጡ። ቀኛዝማች ትናንት…»

«ስመለስ ይነግሩኛል አባ ጎበና።»

«ኧረ ስም ይጠራል!»

«ኮቴ አለ አይደለም እንዴ?» አለና ጋሪው ላይ ዘሎ ወጣ።

ያን ቀን ሐራጁ አልቀናውም። አንዱ ክፍል በርበሬ ነበር፤ ነጋዴዎቹ ተሻምተው ዋጋውን ሰቀሉበት። ሌላው የበሰበሰ ቆዳ ሆኖ ሽታው ደፉ ላይ የቆመውን ሁሉ በተነ። ፀሐይ ከረር ስትል አንድ ክፍል ብቻ ቀረ። በባቡር ሐዲዱ በኩል ያለው፣ ጨለማው ነው።

ሐጂ ዩስፍ ቁልፉን እያንቀጫቀጩ፣ «ይህኛው የሸሸ ሰው ዕቃ አይደለም» አሉ። «ባለቤቱ በፈቃዱ ይሸጥልኝ ያለው ነው። ገና ዛሬ ጠዋት እንኳ ጨምሮበታል።»

በሩ ሲከፈት ዘርጋው ሰዉን በክርኑ ገፍቶ ደፉ ላይ ደረሰና ባትሪውን አበራ። ከኋላ በሸራ የተሸፈነ ትልቅ ክምር አለ። ከፊት፣ ብርሃኑ ባረፈበት ቦታ፣ አንድ ወንበር ተቀምጧል፤ በመደገፊያው ላይ ጥቁር የሱፍ ኮት ተንጠልጥሏል። ዘርጋው ባትሪውን ኮቱ ላይ አቆመ። እንዲህ ያለ ሱፍ ኮት ወንበር ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው ምን ያህል ባለጠጋ ቢሆን ነው! ለኮቱ እንዲህ ያልሳሳ ሰው በሸራው ሥርማ ምን ከምሮ ይሆን!

አዴ ዘምዘም በትከሻው በኩል አንገቷን አስግጋ አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«እኔ ይቅርብኝ። ወንበሩ ላይ አቧራ ተኝቶበታል፤ ሰው ከተቀመጠበት ከርሟል።»

«አንቺ አቧራ ታያለሽ፤ እኔ ኮቱን አያለሁ። ኮት ካለ ባለኮት አለ!»

«እህ! የታለ ባለኮቱ?»

አንድ የጨርቅ ነጋዴ ዋጋ ሲጠራ ዘርጋው ከፍ አደረገ፤ ነጋዴው ጨመረ፤ እርሱም ጨመረ። ነጋዴው ትንሽ አሰበና እጁን አራግፎ ወደ ኋላ ሲል፣ ዘርጋው በሹመት ይጨመርልኛል ያለውን ደመወዝ ሁሉ በአፉ ከፍሎ ጨርሶ ነበር።

«አንድ ጊዜ!» አሉ ሐጂ ዩስፍ። «ሁለት ጊዜ! ኧረ የሚጨምር! ሦስት ጊዜ! ይባርክልህ፣ ግባና ዕቃህን ተረከብ።»

ዘርጋው ዘሎ ገባ፤ ሸራውንም ገፈፈው። ክምሩ እግራቸው የተሰበረ፣ ገመዳቸው የተበጠሰ አሮጌ የቢሮ ወንበሮች ነበሩ። ገና ሳያምን ወደ ፊተኛው ዞሮ ኮቱን አነሣ። የግራ ኪሱ ሥር የቀለም ጠብታ አለ። ያችን ጠብታ ያውቃታል፤ ራሱ ያንጠባጠባት ናት። እጁን ኪሱ ውስጥ ቢሰድ ከባለፈው ሐራጅ የተረፈ የጋሪ ሳንቲም አገኘ።

«ምነው?» አለች አዴ ዘምዘም ከደፉ ላይ። «ባለኮቱ ተገኘ መሰለኝ!»

ሰዉ መሣቅ ሲጀምር ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «አሳልፉኝ» አለ። ሣቁ ቆመ። ቀኛዝማች አብተው ከግቢው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተነሥተው፣ ከዘራቸውን ሳይደገፉበት በክንዳቸው እንደ ያዙ፣ ቀጥ ብለው መጡ። ባለዕቃው እሳቸው ነበሩ፤ የመሥሪያ ቤቱን አሮጌ ወንበሮች ለገዢው ሊያስረክቡ መምጣታቸው ነው።

«ለመንግሥት ዕቃ ጥሩ ዋጋ ሰጥተሃል» አሉ። «እናመሰግናለን።»

«ጌታዬ፣ ይህ… ይህኮ የኔ ወንበር ነው!»

«ያንተ? ዛሬ ጠዋት ስምህን ጠራሁ፤ ወንበርህ ዝም አለ። ደግሜ ጠራሁ። ሦስተኛም ጠራሁ፤ ሐጂ ሐራጅ እንደሚጠሩት አድርጌ። ‹አቶ ዘርጋው የሹሙን ወንበር ይረከቡ› ብዬ ነው የጠራሁት፤ ስማ እንግዲህ። ኮትህ አልተነሣም። ባልደረባህን ወይዘሪት እልፍነሽን ጠራሁ፤ ተነሥታ መጣች፣ ተቀመጠችበት። የኤረሯን ባልቴት ጉዳይ ሰዓት ሳይሞላ ጨርሳ ሸኘቻቸው።»

«ጌታዬ፣ ለአፍታ ወጣ ብዬ እኮ…»

«ስም ሲጠራ ሰው ያልተነሣበት ወንበር ትርፍ ነው፤ ትርፍ ወንበር ደግሞ ወደዚህ ይመጣል። የሚቀመጥበት ሰው ስለሌለ የጸሐፊው ቦታም እንዲታጠፍ አዝዣለሁ። ኮቱን አልነካነውም፤ የሰው ንብረት ነው ብለን አብረን ላክነው። ደግሞም ከአንተ ይልቅ የቢሮውን ደንብ ያከበረ እሱ ነው።»

ዘርጋው የአባ ጎበናን ማስጠንቀቂያ፣ የባልቴቷን እጅ መንሣት፣ የተቀበሩትን አክስቶች አሰበ። በገዛው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። አቧራው ተነሥቶ ሸፈነው። ስንት ዘመን የእኔ ነው ሲለው በኖረው ወንበር ላይ ተደላድሎ ሲቀመጥ ያ ቀን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ኮቱን ጭኑ ላይ እንዳጠፈ ቀና ብሎ አያቸው።

«ተሳስቻለሁ ቀኛዝማች» አለ። «ሁለት ቦታ ያለሁ መስሎኝ ነበር፤ የትም አልነበርሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቀኛዝማች አብተው ጎንበስ አላሉም፤ ድምፃቸውንም አላለሰለሱም። በከዘራቸው ጫፍ የወንበሩን እግር አንዴ መታ አድርገው ሐጂ ዩስፍን፣ አዴ ዘምዘምን፣ የተሰበሰበውንም ተጫራች ሁሉ አዩና፣ «ይህን እንኳ ማወቅህ ደግ ነው፤ ለልጆችህ የምትነግረው ነገር ስታጣ ይህችን ንገራቸው፤ ድንጋዩ እንደ ፍም በሚግልባት በድሬዳዋ እንኳ፣ ኮት ቢቀመጥ ወንበር አይሞቅም» አሉ።